ትንሽ ዳገት

ፈረንሳይኛ ያስተማረችኝ ሴትዮ ጎበዝ ነበረች። «ፕቲ» የሚለውን ቃል ግን በቅጡ አላስተማረችኝም። «ፕቲ ማለት ትንሽ ማለት ነው» ብላ አለፈችው። እኔም አምኜ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ፈረንሳይ ስኖር ፕቲ ያልሆነ ነገር አላጋጠመኝም። ቡናው ፕቲ ቡና ነው። የቢሮው ሲስተም ሦስት ቀን ሙሉ ተኝቶ ሲከርም ፕቲ ችግር ነው። አለቃዬ ቅዳሜ እንድገባለት ሲፈልግ ፕቲ ትብብር ይለምነኛል። መቼም እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። «ትንሽ ቅመሱ» ብለን እንግዳውን እስኪያልበው የምናጎርስ ሰዎች ነን። ገጠር መንገድ ጠይቆ «እዝችው ናት፣ ከጋራዋ ሥር» የተባለም ያውቀዋል። ጋራዋ በቀረቧት ቁጥር ትሸሻለች።

ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ «ኦገስት 15 በዓል ነው፣ ዶርዶኝ ሄደን በብስክሌት ፕቲ ዙር እንዙር» ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ።

ባልደረባዬን ሙሴ ልበለው። የድሮ አዲስ አበባ ሰው ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ይለው ነበር፤ «ሙስዩ» ከሚሉት ከራሳቸው ቃል ነው የመጣው። ይኼኛው ደግሞ ስሙ ሌላም ምክንያት አለው። ሰው ተራራ ላይ ማውጣት ይወዳል። የኦሪቱ ሙሴ እንኳ ሕዝቡን ከታች አስቀምጦ ነበር የወጣው።

ሙሴ 61 ዓመቱ ነው። የልጅ ልጅ አለው። እግሩን ይላጫል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ስንወድቅ ቁስሉን ለማጽዳት ይመቻል» አለኝ። ልብ በሉ፣ «ብንወድቅ» አላለም።

ጠዋት ዶርዶኝ ውስጥ ሳርላ የምትባል ከተማ ተገናኘን። ሁለት ጓደኞቹም መጥተዋል። ለኔ ብስክሌትና ልብስ ይዘውልኛል። ልብሱ ታይት ነው፤ ከኋላው እንደ ሕፃን ዳይፐር ያለ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ጫማው በብረት ከፔዳሉ ጋር ይቆለፋል። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ መለስ ማድረግ ነው። «ፕቲ እንቅስቃሴ ናት» አለኝ ሙሴ።

የመጀመሪያው ማቋረጫ ላይ ቆምን። ማለትም እነሱ ቆሙ። እኔ ፕቲዋን እንቅስቃሴ ረስቼ፣ ሁለት እግሬ እንደተቆለፈ፣ ካፌ ደጅ ተደርድረው ቡና በሚጠጡ ሰዎች ፊት እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ በዝግታ ተጋደምኩ። የሚገርመው ዝግታው ነው። እየወደቅኩ ስለ ሕይወቴ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩኝና «ቦንዡር» አሉኝ። እዚህ አገር መሬት ላይ ለተዘረጋ ሰውም ሰላምታ ይቀድማል። «ተጎዳህ ወይ?» የመጣው እኔም ቦንዡር ካልኩ በኋላ ነው።

ከከተማ ስንወጣ ከሙሴ ጓደኞች አንዱ አገሬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ኢትዮጵያ! አበበ ቢቂላ! ኃይሌ!» ብሎ ፊቱ በራ። «ታዲያ ዳገት ላንተ ምንህ ነው?» አለና ከፊት እንድመራ አሳለፈኝ።

እኔ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ በታክሲ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ይህን ግን እንዴት ብዬ ልንገረው? ያገር ስም አለ። ሙሴ ደግሞ ጨመረበት፤ «ቢኒያም ግርማይስ የናንተ ነው አይደል?» ቢኒያም በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደ የኤርትራ ልጅ ነው። «የጎረቤት ነው። የኛ ጽጋቡ ግርማይ ነው፤ በ2016 ቱሩን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ» አልኩት። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ አራት ጊዜ ተነፈስኩ።

መንገዱ ሜዳ ይመስል ነበር። ታዲያ ትንፋሼ የት ሄደ? ሙሴን ጠየቅኩት። «ይኼ ዳገት አይደለም፤ ፎ ፕላ ነው» አለኝ። ፎ ፕላ ማለት ሐሰተኛ ሜዳ ማለት ነው። ዐይን ሜዳ ነው ይላል፤ ጉልበት ደግሞ ዐይንን ይሳደባል። ሰውም ቃልም ሲዋሽ አይቻለሁ። መሬት ሲዋሽ ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ቤናክ የሚባል መንደር ስንደርስ ሙሴ ቀና በል አለኝ። ቀና አልኩ። አንገቴ አልበቃ አለኝ። የመንደሩ ጥንታዊ ግንብ ከዶርዶኝ ወንዝ 150 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ተለጥፏል። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ካስተልኖ የሚባል ሌላ ግንብ ፊት ለፊት ቆሞ ያፈጥበታል። በመቶ ዓመቱ ጦርነት ዘመን ቤናክ የፈረንሳዩ ንጉሥ ወገን ነበረ፤ ካስተልኖ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ። እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ የሚያዩት ያንኑ ፊት ነው።

ይህ ጦርነት በ1337 ተጀምሮ በ1453 አለቀ። እስቲ ቀንሱ። 116 ዓመት ነው። እነሱ ግን «መቶ» ይሉታል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሲተራረድ ኖሮ፣ እንደ ዳቦ ቤት መልስ «ይቅር ተወው» ተባለ። ነገሩ የሙሴ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

በኋላ በኩል ዞረን በመኪናው መንገድ ወጣን። ያን ዳገት ብዙ ባላወራው ደስ ይለኛል። ጣቴ የሚቀል ማርሽ ይፈልጋል። የለም። ደግሞ ይጫናል። አሁንም የለም። ትንሽ ቆይቶ፣ ምናልባት ከተሰማው ብሎ፣ እንደገና ይጫናል። በዚህ መሃል ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ቅርጫታቸው ውስጥ ውሻ አስቀምጠው፣ «ቦንዡር» ብለውኝ አለፉ። ውሻውም አየኝ።

ግንቡን የሠሩት ሰዎች ጠላት እንዳይደርስባቸው ብለው ነው እዚያ የወጡት። ተሳክቶላቸዋል። እኔ ስደርስ እነ ሙሴ ፎቶ አንስተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ስለ ምሳ ክርክር ጀምረው ነበር።

የሚገባኝ ሰው ያገኘሁት ወንዙን ተሻግረን ነው። የካስተልኖው ጌታ በ1489 ለሚስቱ ብሎ ሚላንድ የሚባል የተሻለ ምቾት ያለው ቤት ሠራ። በኋላ ዘፋኟና ዳንሰኛዋ ጆሴፊን ቤከር 12 የማደጎ ልጆቿን ያሳደገችበት እሱ ነው። ወይዘሮዋን ታየችኝ፤ አንድ ቀን ጠዋት «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ የድንጋይ ቤትህ ገደለኝ» ስትለው። ያሳዝናል፣ ሚላንድም ኮረብታ ላይ ነው። ፕቲ ኮረብታ።

ወንዝ ወንዙን ተመልሰን ላ ሮክ ጋዣክ የሚባል መንደር ስንደርስ ከገደሉ ሥር ሙዝ አየሁ። እውነተኛ የሙዝ ተክል። ድንጋዩ ፀሐይዋን እየያዘ ስለሚያሞቀው ይበቅላል አሉ። እኔ ግን ለአፍታ አርባ ምንጭ ያለሁ መስሎኝ «ደረስን?» አልኩ። በአማርኛ።

በኛ አቆጣጠር ለስምንት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው። ይህን መረዳት ያስፈልጋል። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ወጥ ቤት ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስምንት ከአምስት ላይ ደም እየተፋችሁ ብትደርሱ በትሕትና «አይስክሬም አለን» ትባላላችሁ። ሙሴ ቀኑን ሙሉ ያላሳየውን ፍጥነት እዚህ ጋ አሳየ። ለካ የሚጋልበው ለዚህ ነው።

ሜኑው መጣ። የዳክዬ ጡት፣ የዳክዬ ጭን፣ የዳክዬ ጉበት፣ የተሞላ የዳክዬ አንገት። ዶሮን በ12 ብልት የሚያወጣ ቤት ልጅ ነኝና አድናቆቴን አልደብቅም። ችግሩ ቀኑ ነው። እነሱ ዘንድ ኦገስት 15 የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው። እኛ ዘንድ ነሐሴ 9 ነው፤ ፍልሰታ ሊፈታ ሳምንት ይቀረዋል። አንዷን ማርያም እነሱ በዳክዬ፣ እኛ በሽሮ ነው የምናከብራት።

ሰላጣ አዘዝኩ። የዳክዬ ጨጓራ ተደርድሮበት መጣ። ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። አስተናጋጇ እንደታመመ ሰው አየችኝ። «ድንችስ?» አልኳት። ድንች መጣ፤ በሥሱ የተከተፈ፣ ጠርዝ ጠርዙ ወርቅ መስሎ የተጠበሰ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፐርሰሜሎ የተነሰነሰበት። የሳርላ ድንች ይሉታል። እንደዚያ ያለ ድንች ቀምሼ አላውቅም። ግማሹን ስጨርስ ጣፋጭነቱ አጠራጠረኝ።

«ዘይቱ ምንድን ነው?»

«ዘይት የለውም» አለች ኮራ ብላ። «ፕቲ የዳክዬ ስብ ብቻ ነው።»

የቀረውን ግማሽ ምን እንዳደረግኩት አልናገርም። ፊቴ ገና ዶም አለች። ሰው ነኝ።

ዶም በ1281 በንጉሥ ፊሊፕ ሦስተኛ ትእዛዝ ገደል አናት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1588 ዦፍሯ ደ ቪቫን የሚባል የፕሮቴስታንቶች የጦር አለቃ በሌሊት ገደሉን ቧጥጦ ወጥቶ ያዛት። ነዋሪዎቹ በዚያ በኩል ዘብ አያቆሙም ነበር፤ ሰው ይወጣዋል ብሎ ማን ያስባል? ሙሴ ይህን ታሪክ እየጋለበ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ፣ ከነዝርዝሩ ነገረኝ። እኔ በመኪናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይከላከልብኝ መያዝ አቃተኝ። የመጨረሻውን ሁለት መቶ ሜትር ብስክሌቱን እንደ አህያ እየጎተትኩ ገባሁ።

አናቱ ላይ ወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እርሻው፣ የዋልነት ዛፉ፣ ቀን ሙሉ የዞርነው መንገድ። ያምራል፤ መቼም ውሸት አልናገርም። የድንጋዩ አጥር ላይ ተዘርግቼ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ? ሱሪህስ?»

«ብስክሌት እየነዳሁ ነው እማዬ። ተራራ ወጥቼ ነው።»

«ማንን ልትጠይቅ?»

«ማንንም።»

«ቤተ ክርስቲያን አለ?»

«አለ። ግን ለሱ አይደለም። እንዲሁ ወጥተን እንወርዳለን።»

ዝም አለች። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

«ከሥራ አስወጡህ እንዴ?»

ሙሴ ከጎኔ ሆኖ በእጁ ሰላምታ ሰጣት። የተላጨ እግሩም አብሮ ታየ። እናቴ ስልኩን ከፊቷ ራቅ አድርጋ ለአፍታ አጠናችው።

«በል ይሁን» አለች። «ጾሙን እንኳ ይዘኸዋል?»

«አዎ እማዬ» አልኳት። «ትንሽ ድንች ነው የበላሁት።»