የኅዳር ቅዳሜ ጣጣ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለሚኖር የኮሌጅ ፉትቦል (በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ ኳስ) ደጋፊ ኅዳር የጨጓራ ወር ነው። ቡድናችን ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከባላንጣው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚጫወትበት ሳምንት፣ ግቢው ውስጥ የሚሺጋን መነሻ የሆነው «ኤም» ፊደል ሁሉ በቀይ ቴፕ ይሰረዛል። እኔም እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል።

የ2024ቱን አልረሳውም። ዕለቱ ኅዳር ጽዮን ነው። እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ ጎረቤቶቼ በርገር ይጠብሳሉ፤ ሽታው ለኔ። ጨዋታው በሜዳችን፣ ግምቱም ሁሉ ለኛ። ተሸነፍን! 13 ለ10! ለአራተኛ ተከታታይ ዓመት! አልበቃ ብሏቸው መሀል ሜዳችን ላይ ባንዲራ ሊተክሉ። ድብድብ፣ ፖሊስ፣ አስለቃሽ ስፕሬይ... ጉድ እኮ ነው።

ያም ሆኖ በጥር ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲን 34 ለ23 አሸንፈን የአገሪቱን ዋንጫ በላን። ታዲያ የሚሺጋን ደጋፊ የሆነው የሥራ ባልደረባዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኛን ግን አላሸነፋችሁም።»

ቦውል ጌም የሚሉት፣ መደበኛው ውድድር ካለቀ በኋላ የሚደረገው ጨዋታ፣ ደግሞ ሌላ ብሶት ነው። ኮከቡ ጉዳት ፈርቶ ራሱን ለኤንኤፍኤል ድራፍት (የፕሮፌሽናል ክለቦች ተጫዋች መምረጫ) ይቆጥባል። ሌላው ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ሜዳ ላይ የቀሩትን ልጆች ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ያሸነፈው አሰልጣኝ ላይ ማዮኔዝ የሚደፋበት ቦውል ሁሉ አለ፤ እውነቴን ነው። እኔም በጾሜ አፍጥጬ አየዋለሁ።