እርማት፦ የታዘዘ መድኃኒት ለሁሉም የታዘዘ አይደለም

«ለትኩረት ማነስ የሚሰጠው ሜቲልፌኒዴት ሐኪም የሚያዘው ስለሆነ ማንንም አይጎዳም፤ በፈተና ሰሞን ከጓደኛ አንድ ፍሬ መዋስ ምንም የለበትም» ሲሉ የሰጡት አስተያየት ስህተት ስለሆነ፣ ወንድሜ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ።

ሐኪሙ የሚያዘው ለአንድ ሰው የሚስማማውን መጠን ጭምር ነው፤ በታካሚውም ሆነ በቤተሰቡ የልብ ሕመም መኖር አለመኖሩን ጠይቆ፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን ለክቶ፣ በአነስተኛ መጠን ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን የተባሉ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካሎችን ሲጨምር የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ከፍ ስለሚያደርግ ነው። የተዋሰው ሰው ግን አልተለካም። ጫት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ራሱ አነቃቂ ነውና ሁለቱ በአንድ ልብ ላይ ይደራረባሉ።

አራት ኪሎ፣ አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ የጓደኛውን መድኃኒት ውጦ ሲያነብ ያደረ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞት እንኳ ቡናው ይፈስበት ነበር። ልቡ እንደሚመታበት ሲነግረኝ እኔም ደነገጥሁ።

ቀስ እያለ የሚሠራው ዓይነት ተፈጭቶ ወይም ታኝኮ ከተወሰደ፣ ለብዙ ሰዓታት የታሰበው መጠን ባንዴ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም መድኃኒቱን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

የታዘዘለት ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ፤ እንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት ቢያሳጣው ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ወይም ሰዓቱ ሊስተካከልለት ይችላል።