ኖራ የቀመሰ መሬት ፍግም ይፈልጋል

አጎቴ የሚያርሱት እንጅባራ አጠገብ ነው። መጋቢት ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ የአፈሩን ኮምጣጣነት ለማብረድ ማሳው ላይ ኖራ የመበተንን ነገር አነሳሁባቸው። ደስ አላላቸውም። «ምነው ልጄ፣ ኖራ እኮ ያቃጥላል። አፈሩ ውስጥ ያለችውን ነፍስ ሁሉ አይጨርሳትም?» አሉኝ።

ይህን ስጋት ከብዙ ገበሬ ሰምቻለሁ። ንቀን ልናልፈው አይገባም። በእሳት የተቃጠለ ኖራ እውነትም ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ያጠፋል። ለማሳ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ቀስ እያለ ይሟሟል እንጂ አፈሩን አያነደውም። እንዲያውም ነፍሷን የሚጨርሳት ኮምጣጣው አፈር ራሱ ነው።

በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ፣ ማለትም ኮምጣጣ ነው። የጎጃም ደጋ ደግሞ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። ዝናቡ ብዙ ነው። ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስደዋል። እህሉ ከነገለባው ከማሳ ይወጣል። ኩበቱ ምድጃ ይገባል። በየዓመቱ የምንበትነው ዩሪያም ነገሩን ያባብሰዋል። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው ነው፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ጫፉ ላይ ያቀጭጨዋል። ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም ጨምድደው ይይዙታል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ እዚያው ታስሮ ይቀራል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ገብስና ባቄላ ያበቅል የነበረው ማሳ ወደ እንግዶና ግብጦ የዞረው። ብዙው ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ ተተክሎበት የከሰል ማምረቻ ሆኗል። በገበሬው አልፈርድም። መሬቱ እምቢ ሲለው ምን ያድርግ?

አሁን አጎቴ ወዳነሷት የአፈሩ ነፍስ ልመለስ። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በቢሊዮን ሊቆጠሩ ይችላሉ። ብዙዎቹ ኮምጣጣ አይወዱም። ፈንገሶች ይሻላሉ፣ አሲድ ይችላሉ። ስለዚህ አፈሩ ሲኮመጥጥ ባክቴሪያው ይመነምናል፣ ፈንገሱ ቦታውን ይይዛል። ናይትሮጅንን ለሰብል ወደሚመች መልክ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ይደክማሉ። የመሬት ትልም ይጠፋል። ኖራ ሲገባ ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ባቄላው ሲያብብ አንዱን ተክል ከነአፈሩ በጥንቃቄ ይንቀለው። ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ። እንደ በሽታ እንዳይቆጥራቸው። ራይዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው፤ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ባቄላውን ይቀልቡታል። አንዱን በጥፍሩ ይክፈተው። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈትቷል። በኮምጣጣ መሬት ላይ እባጩ ራሱ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የለም። እኔ በበኩሌ ይህን ያህል ግልጽ የአፈር ምርመራ አላውቅም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ላይ ነው። ስለ ኖራ ስናወራ ሁልጊዜ የምንቆጥረው የተሠራጨውን ኩንታል ነው። የነቁት ባክቴሪያዎች ግን መብላት ይፈልጋሉ። የሚበሉት በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ነው። ምንም ሳንጨምር ኖራ ብቻ ከሰጠን ያለውን ቶሎ ይጨርሱታል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት ያስደስተናል፣ ቆይቶ መሬቱ ተራቁቶ እናገኘዋለን። ኖራ ምግብ አይደለም። ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ማሳ ላይ የተተወ ገለባ ነው ምግቡ። ባቄላና ግብጦን ማፈራረቅም ከዚሁ ይቆጠራል። ኖራ ሲታደል ስለዚህ የሚያስረዳ ሰው አብሮ መምጣት አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ልኩም እንደ አፈሩ ነው። ሳያስመረምሩ አብዝቶ መበተን ዚንክና ብረትን ከሰብሉ ያርቃል።

ሸክሙንም አንርሳ። በሄክታር 30 ኩንታል ከተባለ ለአንድ ቃዳ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ሰባት ኩንታል ተኩል ነው። በአህያ ቢመላለስ አሥራ አምስት ጭነት ያህል ይሆናል። የኖራ ድንጋዩ ያለው ደጀን አጠገብ፣ አባይ በረሃ ነው። ከደጀን እንጅባራ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪናው ዝናብ ከጠነከረ በኋላ ከደረሰ ጥቅሙ ይዘገያል፤ ኖራ ከዘር በፊት አንድ ሁለት ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ስለዚህ የማጓጓዣውን ወጪ ለገበሬው ብቻ መተው ኖራውን እንደ መከልከል ነው።

ከአጎቴ ጋር ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ በግማሽ ቃዳ ተስማሙ። አፈሩ ተመረመረ፣ ኖራው ሚያዝያ ላይ ታረሰበት፣ ከበረቱ ፍግም ተጨመረበት። የቀረውን ግማሽ እንደነበረ ተዉት። ሰኔ ላይ በሁለቱም ባቄላ ይዘራበታል። «ሥሩን እኔው ነኝ የምነቅለው፣ አንተ መጥተህ ታያለህ» ብለውኛል። ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ።