ውዳሴ ገመድ

ባለፈው እሑድ ሙዚቃ እንስማ ተብዬ ተጠራሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ። አንድም ዘፈን አላለቀልኝም።

ዘፈኑ ይጀምራል። ገና ድምፃዊቷ አፏን ስትከፍት ወዳጄ እጁን ያነሳል። ጸጥ። ተነስቶ ከመደርደሪያው ኋላ ይገባል፣ አንድ ገመድ ይነቅላል፣ ሌላ ይሰካል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ያው ዘፈን ከመጀመሪያው። ሠላሳ ሰከንድ። ጸጥ።

"ሰማኸው?"

"ምኑን?"

"ልዩነቱን ነዋ!"

ሰማሁት አልኩ። ምን ልበል? ባለፈው ጊዜ አልሰማሁም ብዬ፣ መርዶ እንደመጣበት ሰው በሐዘኔታ ነው ያየኝ።

እናንተም ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ወዳጅ አታጡም። ስንት ዓመት አማናቸው። ዛሬ ደግሞ እናመስግናቸው፤ ይገባቸዋል።

መጀመሪያ የሚመሰገነው ታማኝነታቸው ነው። የሚያመልኩት የሙዚቃ ማጫወቻ ዕቃ ሃይፋይ ይባላል፤ ሲፈታ ከፍተኛ ታማኝነት ማለት ነው። ዕቃው የተቀዳውን ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያደርሳል ለማለት ነው። ባለቤቱ ግን ለአንድ አምፕሊፋየር፣ ለአንድ ድምፅ ማጉያ፣ ስድስት ወር ታምኖ አያውቅም። አዲሱ ሲመጣ የአሮጌው ጉድ ሁሉ ይወጣል። ትናንት "ነፍስ አለው" የተባለው ዛሬ "ጭቃ" ነው። እኔ ሳዳምጠው አዲሱም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ግን እኔ ማን ነኝ? ደግሞ በእያንዳንዱ ለውጥ "አንድ መጋረጃ ተገለጠልኝ" ይላሉ። ወዳጄን ካወቅኩት ጀምሮ አሥራ አንድ መጋረጃ ተገልጧል። ከዚያ ሁሉ መጋረጃ ጀርባ ዘፋኞቹ እንዴት ይተነፍሱ እንደነበር ነው የሚገርመኝ።

የጆሯቸው ነገርማ ተወርቶ አያልቅም። የሰው ጆሮ፣ ያውም ጤነኛ የወጣት ጆሮ፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ ከላይ በኩል እየተሸረሸረ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል። ይህም እስከ 22,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ሁሉ ለመያዝ ይበቃል። ወዳጄ ግን ሲዲ ሲሰማ ጆሮውን ያሳክከዋል። እሱ የሚገዛው በሰከንድ 192,000 ጊዜ የተለካውን ነው። እንዲህ ያለው ፋይል እስከ 96,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ሊይዝ ይችላል። ወዳጄ ሃምሳን አልፏል። የሌሊት ወፍ እንግድነት ብትመጣበት ግን በጣም ትደሰታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለካ ይሄንን ኖሯል።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። እሱን ሳላመሰግን ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል።

ከአምፕሊፋየሩ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ገመድ ነው። ውፍረቱ አውራ ጣት ያክላል። መሬት አይነካም። መሬት ከነካ ንዝረት ይጋባበታል ተብሏል። ስለዚህ በየስንዝሩ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ መደገፊያ ተሸክማዋለች። ከሩቅ ሲያዩት ድልድይ ይመስላል። መደገፊያዎቹ አሥራ አራት ናቸው። ጥቁር እንጨት ናቸው፤ በፊት ነጭ ነበሩ፣ ነጩ እንጨት ድምፁን "ያቀጥነዋል" ተብሎ ተሰናበተ። ልጆቹ ሳሎኑን የሚሻገሩት በዝላይ ነው። ሚስቱ ስትጠርግ ዙሪያውን ዞራ ነው የምትጠርገው። ከመደገፊያዎቹ አንዷ ፈቀቅ ካለች በድምፁ ያውቃል። ያውቃል ማለቴ፣ አውቃለሁ ይላል። አንድ ቀን ሦስተኛዋን በእግሬ ነካሁና ሁለት ጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። ደንግጬ ዝም አልኩ። ያን ምሽት "ዛሬ እንዴት ግሩም ሆኗል!" ሲል አመሸ።

ገመዱ ላይ ደግሞ ቀስት አለ። ድምፁ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ያመለክታል። በስፒከር ገመድ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እኮ በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ስፒከሩ የሚርገበገበው ስለሚመላለስ ነው። ቀስቱን እያየ እንዴት እንደሚመለስ እንጃ። ምናልባት ኋሊት እየሄደ። ወዳጄ አንዴ በስህተት ገልብጦ ሰክቶት ሦስት ሳምንት አዳመጠ። በጣም ተደስቶ ነበር። ስህተቱን ያወቀ ቀን ሦስቱን ሳምንት ከዕድሜው ቀነሳቸው።

አዲስ ገመድ ደግሞ ወዲያው አይደመጥም። ይሟሻል። 200 ሰዓት! ስምንት ቀን ከስምንት ሰዓት ማለት ነው። ባለቤቱ ሥራ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ዕቃው ባዶ ሳሎን ውስጥ ሌት ተቀን ይዘፍናል። በዚያ ቤት ዘፈን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማ ሶፋው ብቻ ነው።

ከሶኬት ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውም ገመድ ልዩ ነው። ኤሌክትሪኩ ከማመንጫው ተነስቶ ስንት ኪሎ ሜትር በተራ ሽቦ ይመጣል። ግድግዳው ውስጥም በተራ ሽቦ ያልፋል። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ ንስሐ ገብቶ፣ ጸድቶ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የግራው ስፒከር ጥግ ውስጥ ተወትፏል። ጥግ ቤዝን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ያሳብጣል። ከግድግዳው ትንሽ ሳብ ቢያደርጉት፣ እሱም ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቆ ቢቀመጥ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ወፍራም ጨርቅ ቢሰቀል፣ ከየትኛውም ገመድ የበለጠ ለውጥ ይሰማል። አሥራ ሁለተኛው መጋረጃ መገለጥ ሳይሆን መሰቀል ነበረበት። ነገሩን አንስቼለት ነበር። በንቀት አየኝ። በነፃ ነዋ! በነፃ የሚገኝ ነገር ድምፅ ያሻሽላል እንዴ?

"እሺ፣ ዓይንህን ልሸፍንህና ገመዶቹን እኔ ላቀያይርልህ" አልኩት። ተቆጣ። ዓይን ከተሸፈነ ጆሮ በደንብ አይሰማም አለኝ።

እዚህ ድረስ እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት። አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። የአክስቴ ልጅ ገንዘብ አጠራቅሞ ያገለገሉ ስፒከሮችና አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ገዛ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ሦስት ቀን ከዚያ ክፍል አልወጣም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፈገግ ብሎ። በአራተኛው ቀን ከነዚህ ሰዎች አንዱ እንግዳ ሆኖ መጣ። ግማሽ ዘፈን ሰማና "ለጀማሪ አይከፋም፤ ጆሮህ ገና ስላልሰለጠነ ነው እንጂ ይሄ እኮ ጭቃ ነው" አለው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም። ሲያነጻጽር ነው የማየው። ምን አገባህ? በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ዕቃው ደስ ብሎት ከተቀመጠ ሰው ላይ ደስታውን ነቅሎ ጥርጣሬ መሰካት ምን የሚሉት ዕውቀት ነው? ይሄ የጆሮ ስልጣኔ አይደለም። ክፋት ነው።

ይቅርታ፣ ከምስጋናዬ ወጣሁ።

እሑድ ማታ ልሄድ ስነሳ ወዳጄ ትከሻዬን ይዞ መለሰኝ። ዋናው ገና ነው አለ። ለካ የአንድ ዕቃ ጥራት የሚታወቀው በድምፁ ሳይሆን በዝምታው ነው። ዝምታው "ጥቁር" መሆን አለበት። የድሮው አምፕሊፋየሩ ዝምታ ግራጫ ነበር። አዲሱን አበራ፣ ምንም ሳያጫውት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

ከወጥ ቤት ሚስቱ ማንጎራጎር ጀመረች። ያንኑ ስናስጀምረውና ስናቋርጠው ያመሸነውን ዘፈን ነው። ስንኙን ጨረሰችና ወደ አዝማቹ ገባች። አዝማች እንዳለው እንኳ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ቆንጆ ነው።

"ኧረ እባክሽ ዝም በይ!" ብሎ ጮኸባት። "እያዳመጥን ነው!"