ባልና ሚስት አብረው ከመቀመጣቸው በፊት

ትዳራቸው የታመመ ጥንዶች አማካሪ ዘንድ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዷ ትናገራለች፣ አንዱ ይመልሳል፤ አማካሪው “እስቲ ሳትቋረጡ ተደማመጡ” ይልና በዚያው ወደ ሥራ ይገባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮም በዚሁ መልክ ያልፋል። በመሀሉ ማንም ያልጠየቀው ነገር ይቀራል። ቤት ውስጥ ፍርሃት አለ ወይ? ከሁለቱ የአንዱ ልብ ከትዳሩ ወጥቷል ወይ? ሌላ ሰው አለ ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች የትዳር ጓደኛ አጠገብ ሆኖ እውነተኛ መልስ አይገኝላቸውም። ስለዚህ የጋራ ምክክር ከመጀመሩ በፊት ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ማነጋገር ለአማካሪው ምርጫ የሚተው ሳይሆን የግድ መደረግ ያለበት ነገር ነው።

የጋራው ምክክር አይጠቅምም ማለት አይደለም። የቤተሰብ ሕክምና ፈር ቀዳጆቹ ሙሬይ ቦወን፣ ቨርጂኒያ ሳቲርና ሳልቫዶር ሚኑቺን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያመጡት ለውጥ ትልቅ ነው። “ታማሚው ማን ነው?” የሚለውን ጥያቄ ትተው በሰዎቹ መካከል የሚመላለሰውን ነገር ማየት ጀመሩ። በጥንዶች ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሚስት ትጠይቃለች፣ ባል ዝም ይላል፤ ዝም ባለ ቁጥር ጥያቄዋ ይበረታል፣ ጥያቄዋ በበረታ ቁጥር እሱ ይርቃል። (ባል ጠያቂ፣ ሚስት ዝምተኛ የሆኑበትም ቤት ሞልቷል።) ሁለቱም ታሪኩን የሚጀምሩት ሌላኛው ካደረገው ነገር ነው፤ ሁለቱም ደግሞ አልዋሹም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያ ውጤቱን ያሳተሙት ስሜት ተኮር የጥንዶች ሕክምና የሚነሳው ከዚህ አዙሪት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። መጀመሪያ አዙሪቱ ስም ወጥቶለት ይረግባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ከቁጣው ሥር ያለው የመተው ስጋት፣ ከዝምታው ሥር ያለው “ምንም ባደርግ አልበቃም” የሚል ስሜት አፍ አውጥቶ የሚነገረው። ይህን ቅደም ተከተል ማዛባት ብዙ ያበላሻል። ጠቡ ሳይረግብ የተገለጠ ቁስል በሚቀጥለው ጠብ መሣሪያ ሆኖ ይመለሳል።

“ተደማመጡ” የሚለው ምክርም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል ጉልበት የለውም። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት የአዲስ ተጋቢዎች ጥናት፣ አንዱ የሌላውን ቃል መልሶ በመናገር መረዳቱን የሚያሳይበት ልምምድ ደስተኛ ሆነው የዘለቁትን ጥንዶች ከሌሎቹ አልለየም። ከለዩት ነገሮች አንዱ ቅሬታው በልዝብ ቃል መጀመሩ ነበር። በተጋጋለ ጠብ ውስጥ ያለ ሰው ለመስማት አካሉም አይፈቅድለትም። ጎትማን እንደሚለው የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ንግግሩን አቋርጦ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። ያረፈው ሰው ሃያውን ደቂቃ መልስ ሲያዘጋጅ ካሳለፈ ሰውነቱ አይበርድም። የመመለሻ ሰዓቱን ሳይናገር ከወጣ ደግሞ ለቀረው ሰው ዕረፍቱ ጥሎ መሄድ ነው። “አሁን አልቻልኩም፣ ሁለት ሰዓት ላይ እንቀጥል” ብሎ በተባለው ሰዓት መመለስ ከብዙ የመደማመጥ ልምምድ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ ዋናው መከራከሪያ ያለው እዚያ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ አንድሩ ክሪስተንሰንና ኒል ጃኮብሰን ያስጀመሩት፣ በመስኩ ካሉት ትላልቅ ሙከራዎች አንዱ የሆነው ጥናት፣ ለረጅም ጊዜ ክፉኛ የተጋጩ 134 ባለትዳሮችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ እስከ 26 ቀጠሮ አማከረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ግማሽ ያህሉ ከጀመሩበት በግልጽ ተሽሏቸው ተገኙ፤ ሩብ ያህሉ ተለያይተው ወይም ተፋተው ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ጥንዶች ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም፤ አማካሪዎችም “ምክር ይሠራል” ለማለት ይጠቅሱታል። ሳይነገር የሚታለፈው ግን ወደ ሙከራው የገቡት ሰዎች አስቀድመው የተጣሩ መሆናቸው ነው። ባል በሚስቱ ላይ ከበድ ያለ ጥቃት የሚፈጽምባቸው ጥንዶች አልተካተቱም፤ የአልኮል ወይም የዕፅ ጥገኝነት ያለባቸውም እንዲሁ። ይህን ሳያጣራ ጥንዶችን የተቀበለ አማካሪ የዚያን ጥናት ውጤት ለራሱ ሥራ ማስረጃ አድርጎ የማቅረብ መብት የለውም።

አደራረጉ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ቀጥሎ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በተመሳሳይ የጊዜ ርዝመት፣ ቢቻል በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነጋገራሉ፤ ጊዜው ከተበላለጠ “አማካሪው የእሷ ወገን ነው” የሚለው ጥርጣሬ ከዚያ ይጀምራል። በአራተኛው ቀጠሮ አማካሪው የተረዳውን ለሁለቱ ያቀርባል፣ እነሱም ያርሙታል። የተናጠሉ ንግግር ሳይጀመር የምስጢር ደንቡ ሁለቱም ባሉበት መነገር አለበት። ለምሳሌ፣ “በአሁኑ ጊዜ ሌላ ግንኙነት እንዳለ ከነገራችሁኝ ወይ ይቋረጣል፣ ወይ ለትዳር ጓደኛችሁ ትነግራላችሁ፣ አለዚያ የጋራውን ምክክር አልቀጥልም፤ ስለ ደኅንነት የምትነግሩኝ ግን ያለ ፈቃዳችሁ ከዚህ አይወጣም።” ደንቡን ሳይናገር ምስጢር የሰማ አማካሪ ከዚያ ወዲያ ወይ የአንዱ ተባባሪ ወይ የሌላው ከሃዲ ሆኖ ነው የሚቀመጠው።

ስለ ጥቃት “ጥቃት ይደርስብሻል?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው “የለም” ከሚል መልስ ሌላ አያገኝም። ድርጊቱ በስሙ ይጠየቅ። ገፍቶሽ ያውቃል? መንገድ ዘግቶ ከክፍል እንዳትወጪ አድርጎ ያውቃል? ስልክሽን ማን ያያል? ገንዘብ ለማውጣት ፈቃድ ትጠይቂያለሽ? እዚህ የምትናገሪው ነገር ቤት ስትደርሱ ምን ያስከትላል? ወንዱም እነዚሁኑ ጥያቄዎች ይጠየቃል። የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ማይክል ጆንሰን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያስረዳው ልዩነት እዚህ ይጠቅማል፤ በጠብ መሀል የሚፈነዳ ጥቃት አንድ ነገር ነው፣ የሌላውን ሕይወት ለመቆጣጠር በዘዴ የሚፈጸም ጥቃት ሌላ። በሁለተኛው ዓይነት ቤት “አዙሪቱን ሁለታችሁም ታንቀሳቅሱታላችሁ” ማለት በደሉን ለሁለት ማካፈል ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የተናገረችውም ቤት ስትደርስ ያስቀጣታል። ያኔ የጋራው ምክክር መቆም አለበት፣ የሚቆምበት መንገድም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምክንያቱ እሷ የተናገረችው እንዳይመስል አማካሪው ውሳኔውን በራሱ ግምገማ ላይ አስደግፎ ያቀርበዋል፤ የደኅንነት ዕቅዱን ከእሷ ጋር ለብቻ ይሠራል።

ልቡ ከትዳሩ የወጣን ሰው ጉዳይ የትዳር ሕክምና ባለሙያው ቢል ዶኸርቲ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ባዘጋጀው ዘዴ በደንብ አስተካክሎታል። አንዱ መቆየት፣ ሌላው መሄድ የሚፈልግ ከሆነ መደበኛው ምክር አይጀመርም። ከ1 እስከ 5 በሚሆን ቀጠሮ፣ አብዛኛው ለየብቻ በሚደረግ ንግግር፣ ከሦስት አንዱን ይመርጣሉ፤ እንዳሉ መቀጠል፣ መለያየት፣ ወይም የፍቺን ጥያቄ ለስድስት ወር ወደ ጎን አድርጎ በሙሉ ልብ መሞከር። ይህ ሳይለይ የቤት ሥራ የተሰጣቸው ጥንዶች የሚደርስባቸው ይታወቃል። መሄድ የፈለገው አይሠራውም፣ መቆየት የፈለገችው ያንን እንደ አዲስ ንቀት ትቆጥረዋለች፣ በመጨረሻም “አማካሪም ሞክረን አልሆነም” ተብሎ ይዘጋል። ያልተሞከረ ነገር እንደተሞከረ ተቆጥሮ የሚፈርስ ትዳር ነው ከሁሉ የሚያሳዝነው።

አንዳንድ አማካሪዎች፣ የምናክመው ግንኙነቱን ስለሆነ አንዱን ነጥሎ ማነጋገር ግንኙነቱን ይጎዳል ይላሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በሕክምናው መሀል በየጊዜው የሚደረግ የተናጠል ንግግር እውነትም ወገን ሊያስለይ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ደንቡ ተነግሮ፣ ጊዜው እኩል ሆኖ የሚደረግ አንድ ንግግር ግን ያን ያህል አያውክም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ በተሸፈነበት ቦታ ዘዴ መደርደር የጥንዶቹን ጊዜና ገንዘብ መጨረስ ነው።

ምክር ፈላጊዎችም ቀጠሮ ከመያዛቸው በፊት በስልክ መጠየቅ ይችላሉ። ለየብቻ ያነጋግሩናል? መቼና ለስንት ደቂቃ? አንዳችን ብቻ የነገርንዎትን ምን ያደርጉበታል? ካልተሻለን በስንተኛው ቀጠሮ ይነግሩናል? ለመጀመሪያው ጥያቄ “አያስፈልግም” ብሎ የሚመልስ አማካሪ ካጋጠማቸው ሌላ ይፈልጉ።