ወንበሩ ሳይስተካከል «ቀጥ በሉ» ብቻ?

ለቢሮ ሠራተኞች ስለ አቀማመጥ ሥልጠና ይሰጥ የሚለው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ «ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ» በሚለው ምክሩ ላይ ግን ትንሽ ልጨምር። ቀጥ ብሎም ቢሆን ሦስት ሰዓት ሙሉ ካልተነቃነቁ ወገብ መያዙ አይቀርም። ከሁሉ በፊት መለመድ ያለበት በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ማለት ነው።

ሌላው፣ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ በፓወር ፖይንት ተሰጥቶ፣ ሻይ ተጠጥቶ ሲያልቅ ማንም ምንም አይለውጥም። አሠልጣኙ ወደየጠረጴዛው ይምጣ። እኛ ሂሳብ ክፍል ቢመጣ ሁሉም ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ፣ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሃል ወትፎ ያገኘዋል። አጠር ያለችው ባልደረባችን ወንበሩን ከፍ ስታደርገው እግሯ ይንጠለጠላል፣ ዝቅ ስታደርገው ደግሞ ትከሻዋ ጆሮዋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ለእሷ ምክር ምን ያደርግላታል? ከእግሯ ሥር የሚገባ ጠንካራ ካርቶን ይሻላታል።

ላፕቶፑን የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ እስኪሆን ደስጣ ወረቀት ላይ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውዝ ከሌላችሁ ግን አታንሱት፤ ክንዳችሁ ተንጠልጥሎ የአንገቱ ሕመም ወደ ትከሻ ይዞራል።

አለቆችም ወንበርን እንደ ቅንጦት አይዩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ጤንነትና ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል፤ ወንበሩም እዚያ ውስጥ ይገባል ባይ ነኝ።

አውራ ጣትና ሌባ ጣቱ እየደነዘዘ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሰው ካለ፣ የወገብ ትራስ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ይየው።