«ልጁን እይልኝ» ብሎ መሄድ አይበቃም

አንድ ሕፃን በፈላ ሻይ ሲቃጠል ወይም ባልዲ ውስጥ ወድቆ ሲገኝ ሰፈሩ ቀድሞ የሚጠይቀው «እናቱ የት ነበረች?» ብሎ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ «እዚያው» ነው። አራት አዋቂ ከቦ በተቀመጠበት ቡና ላይም ልጅ ይቃጠላል፤ አራቱም «ሌላው እያየው ነው» ብለው ያስባሉና።

ልጅ ተጠበቀ የሚባለው ጠባቂው በእጁ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ሲሆን፣ ዓይኑ ልጁ ላይ ሲሆንና ይህንንም ሳያቋርጥ ሲያደርግ ነው። ወጥ እያማሰሉ ወይም ስልክ እየነካኩ ሦስቱን ማሟላት አይቻልም። ስለዚህ እናትን ከመውቀስ በፊት ቤቱን ማስተካከል ይቀድማል ባይ ነኝ።

ቡናውን እንውሰድ። ረከቦቱም የከሰል ምድጃውም ያሉት ወለል ላይ፣ መሄድ በጀመረ ልጅ እጅ ልክ ነው። በከፍታው የተነሳ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ይህ ግን የሚያጽናና አይደለም። ስሱን የሕፃን ቆዳ በጥልቀት ለማቃጠል 60 ዲግሪ ውሃና ጥቂት ሴኮንዶች ይበቃሉ። የተቀዳ ሻይ ከ15 ደቂቃ በኋላም ሊያቃጥል ይችላል። ምድጃውን ወደ ጥግ አስገብቶ ከፊቱ ወንበር መደርደር ይቻላል። ጀበናው ከመነሳቱ በፊት ልጁን የሚይዘው ሰው በስሙ ይጠራ፤ ልጅ ታቅፎ መቅዳትም ይቅር። ጫፉ የተንጠለጠለ የጠረጴዛ ልብስ ካለ ልጁ ሲስበው ፔርሙሱ አብሮ ይወርዳል።

ከተቃጠለ የራሰው ልብስ ወዲያው ይውለቅ፤ ከቆዳው ጋር ከተጣበቀ ግን አይነካ። ከዚያ 20 ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው፣ በረዶ ሳይሆን ውሃ። ቧንቧው ከሌለ ወይም ከጠፋ ከጀሪካን በኩባያ እየቀዱ ማፍሰስ ያው ነው። ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ይህ ይጠቅማል፤ የቀረው ገላ እንዳይበርደው ግን ይሸፈን። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሊጥ ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይጋርዱበታል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜልና ባልዲ የሌለው ቤት የለም። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ሊያይ ሲያጎነብስ በጭንቅላቱ ይገባል፣ ራሱን ገፍቶ ለመውጣትም ጉልበት የለውም። አምስት ሴንቲሜትር ውሃ ይበቃዋል። ጩኸትም የለም፤ «ድምፁን እሰማለሁ» ብሎ ማእድ ቤት መግባት የሚያታልለው ለዚህ ነው። በርሜል ላይ የተጣለ ሰሃን ክዳን አይባልም። ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፣ ባዶ ባልዲ ይደፋ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ አዋቂ ብቻ በሚደርስበት ከፍታ ይሠራ።

በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቀመጡ ደግሞ ዓይንም አይረዳም። ልጅ ከውሃ ጠርሙስ ሲጠጣ ያየ አዋቂ ለምን ይደነግጣል? በሌላ ዕቃ አድርጎ በሚቆለፍ ቦታ ከማስቀመጥ ሌላ መፍትሔ የለውም። ከጠጣ ጣት ከትቶ ማስታወክ ክልክል ነው፦ በረኪናው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል፣ ነጭ ጋዙ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት በግድ መጋትም ያስታውካል። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሆስፒታል።

አሁን ወደ ጠባቂዋ። በብዙ ቤት ሕፃኑን የምትይዘው የዘጠኝ ዓመት ታላቅ እህቱ ናት፣ ወይም ራሷ ልጅ የሆነች ሠራተኛ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ለግል ቤት አገልግሎት የሚቀጠረውን ግን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ትቶታል። ይህ ክፍተት ያበሳጫል። ግን አዋቂ ሠራተኛም ብትሆን እንጀራ እየጋገረች ልጅ እንድትጠብቅ ማዘዝ የማይቻል ነገር ማዘዝ ነው። ምጣዱ ላይ ሳለች ልጁ ሌላ ሰው ዘንድ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው ከሌለ መጋገሩ ልጁ ሲተኛ ይሁን። ርክክቡም እየሮጡ ከበር ላይ «እይልኝ» ማለት አይደለም። «እኔ ልወጣ ነው፣ ካሁን ጀምሮ እሱን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ባልዲው ተደፍቷል፣ ምድጃው ገና አልጠፋም» ተብሎ፣ «እሺ» የሚል መልስ ተሰምቶ ነው የሚወጣው።

ከግቢ ውጭ ያለው ነገር ግን የእናትም የሞግዚትም ዕዳ አይደለም። ለግንባታ ተቆፍረው ክፍት የተተዉ ጉድጓዶች ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራሉ፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽንም ልጆች ከገቡባቸው ጉድጓዶች አስከሬን ስለማውጣቱ በተደጋጋሚ ዘግቧል። እዚህ ላይ «ወላጆች ልጆቻችሁን ጠብቁ» ብቻ ብሎ ማለፍ ቆፋሪውን ነጻ ማውጣት ነው። አጥሩ ከቁፋሮው በፊት መቆም አለበት፣ ሥራው ከቆመ ጉድጓዱ ይሞላ ወይም ውሃው በፓምፕ ይውጣ። ፈቃድ የሰጠው አካልም ከሰኔ በፊት ቦታው ድረስ ወርዶ ይይ፤ በጽሑፍ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ለማይችል የአምስት ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም።